ሳሙና፦ የቃሉ አመጣጥ፣ የትርጉሙ ብዛትና የቅጹ ጥያቄ



ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አልፎ እስከ ሻሸመኔ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ አጥቢያዎች የውኃና የንጽሕና ሥራ ሲጀመርም ሆነ ሲጠናቀቅ የሚሞላ ቅጽ አለ። ከጥያቄዎቹ መካከል አንዷ እጅግ አጭር ናት፤ «በእጅ መታጠቢያው አጠገብ ሳሙና አለ?» ትላለች። መልሷም «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቅጾቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ ሰው ይገረማል። አንዱ ኮሚቴ በጣሳ አመድ አስቀምጦ «አለ» ይላል። ሌላው የተወቀጠ እንዶድ ይዞ «የለም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በኅዳጉ ላይ «ሳሙና የለም፤ ኦሞ ግን አለ» ብሎ ይጽፋል። ከሦስቱ ሐሰት የተናገረ የለም። ልዩነቱን ያመጣው ሰዎቹ ሳይሆኑ ቃሉ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ቃሉን ራሱን እንመርምረው፤ ከየት እንደ መጣ፣ ስንት ነገር እንደሚሸከም፣ ቅጹ ላይ ሲቀመጥም ምን ማለት እንደ ሆነ እንይ።

ቃሉ ከየት መጣ?

ስለ ሳሙና በስሙ ጠርተው ከጻፉት የጥንት ሰዎች መካከል በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ ይገኛል። «ሳፖ» ይለዋል። ጋውል የተባሉት ሕዝቦች ከሞራና ከአመድ እንደሚሠሩት፣ የተሻለው የሚባለውም ከፍየል ሞራና ከአንድ ዓይነት ዛፍ አመድ እንደሚወጣ ይተርካል። የሚያስደንቀው ግን ጥቅሙ ነው፤ ፕሊኒ የሚያውቀው «ሳፖ» ገላ ለመታጠብ ወይም ልብስ ለማጠብ የሚውል አይደለም። ጠጕርን ለማቅላት የሚቀባ ነገር ነው። በጀርመኖች ዘንድ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይቀቡት እንደ ነበርም ይጨምራል። የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉ ከሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ቋንቋ ወደ ላቲን የገባ ነው ይላሉ። ከላቲን ወደ ግሪክ፣ ከዚያም ወደ ዐረብኛ ተሻግሮ «ሷቡን» ሆነ። ዐረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች በሄዱበት ሁሉ ቃሉ አብሯቸው ሄዷል፤ ስዋሂሊው «ሳቡኒ» ይላል፣ ሶማሊኛው «ሳቡን»፣ ቱርኩና ማሌዩም እንዲሁ። ጣሊያኑ ከላቲን በወረሰው «ሳፖኔ»፣ ፈረንሳዩም «ሳቮን» ይላል።

በዚህ ላይ በየሥልጠናው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በሮም አጠገብ «ሳፖ» የተባለ ተራራ ነበረ፤ በዚያ ላይ የሚሠዋው እንስሳ ሞራ ከመሠዊያው አመድ ጋር ተቀላቅሎ በዝናም ታጥቦ ወደ ወንዝ ሲወርድ ሴቶች ልብሳቸው በቀላሉ እንደሚጠራ አስተዋሉ፤ ስሙም ከዚያ መጣ የሚል ነው። ታሪኩ ያምራል፤ ለማስተማርም ይመቻል። ነገር ግን በዚህ ስም የሚታወቅ ተራራ አልተገኘም፤ በጥንት ጸሐፊዎች ዘንድም ታሪኩ የለም። ትክክለኛውን ማስተማር ስንችል ያልተረጋገጠውን የምንደግምበት ምክንያት የለንም።

ወደ አማርኛው እንመለስ። ሰዎች አንዳንድ ጊዜ «ሳሙና» ከጣሊያንኛ መጣ ሲሉ ይሰማል። ከጣሊያንኛ የገቡትን «ፖስታ»ንና «ፓስታ»ን ብንመለከት ግን «ጰ» የሚመስለው የከንፈር ድምፅ («ፐ») ሳይለወጥ እንደ ቀረ እናያለን። «ሳፖኔ»ም ቢሆን ኖሮ «ሳፖኒ» ወይም ይህን የመሰለ ነገር በጠበቅን ነበር። ከዐረብኛው «ሷቡን» ወደ «ሳሙና» የሚያደርሰው መንገድ ይቀርባል፤ የሚጎድለው «በ» ወደ «መ» መለወጡ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ለቋንቋችን እንግዳ አይደለም። «ዝናም» እና «ዝናብ» እያልን ሁለቱንም ስንጽፍና ስንናገር እንኖራለን፤ ሁለቱም ድምፆች ከንፈር ገጥሞ የሚወጡ በመሆናቸው ቦታ ይለዋወጣሉ። በአፋን ኦሮሞም የሚባለው በ«መ» ነው፣ ሳሙና። ስለዚህ በአዳማ ገበያ አማርኛ ተናጋሪዋ ሸማችና ኦሮምኛ ተናጋሪዋ ነጋዴ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ በዋጋው ባይስማሙ እንኳ በስሙ ይስማማሉ።

ከቃሉ በፊት የነበረው ነገር

ስሙ እንግዳ ቢሆንም ማጠብ እንግዳ አልነበረም። ግእዙ «ኀፀበ» ይላል፤ አማርኛው «ዐጠበ»፤ የግእዙ «ፀ» እና «ጸ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናልና (ግእዙ «ጸብሐ» ሲል እኛ «መስከረም ሲጠባ» እንደምንል)። በጸሎተ ሐሙስ የምንፈጽመው ኅፅበተ እግር ስሙን ያገኘው ከዚህ ግሥ ነው። «ጽዳት» የምንለውም ከ«ጸዓዳ»፣ ከነጭነት ጋር የተያያዘ ነው። «ንጽሕና» ግን ሰፊ ነው፤ የገላም፣ የልብም፣ የሥርዓትም ነው። የጤና ባለሙያው «የእጅ ንጽሕና» ሲልና ቄሱ «ንጽሕና» ሲሉ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ አንድ ነገር ግን አይናገሩም። ስብሰባዎቻችን ላይ የሚፈጠረው ጥቂት ያይደለ አለመግባባት ከዚህ ይነሣል።

በመጻሕፍት ያለውም እንዲሁ ነው። በትንቢተ ኤርምያስ 2፥22 እና በትንቢተ ሚልክያስ 3፥2 ስለ ማጠቢያ ነገር ይነገራል። በዕብራይስጡ ኤርምያስ ሁለት ነገሮችን ይጠራል፦ «ኔቴር» እና «ቦሪት»። ሁለተኛው ስም «ንጹሕ ሆነ» ከሚል ሥር የወጣ ሲሆን ከተክል አመድ ወይም ከተክል የሚገኝ ማጠቢያን ያመለክታል። የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም በሚልክያስ ላይ የአጣቢዎች «ሣር» ይለዋል። ነቢያቱ በነበሩበት ዘመን ዛሬ በሱቅ የምንገዛው ዓይነት ቁርጥራጭ ሳሙና በዐይናቸው ፊት እንደ ነበረ አድርገን ማሰብ የለብንም። አጣቢው በእጁ የያዘው ቅጠል ወይም ሥር፣ ወይም አመድ ነበር። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ እናቶቻችን ነጠላውንና ጋቢውን ያጠቡት በእንዶድ ነውና። ድስቱን በአመድ፣ የጠላውን ጋን በግራዋ ቅጠል አሽተው የሚያጥቡ ዛሬም አሉ።

«ኔቴር» የተባለው ደግሞ ከምድር የሚወጣ ነጭ ጨው መሰል ሶዳ ነው። በዚህ ሶዳ ከምድር ሁሉ የታወቀው ሸለቆ በግብፅ ይገኛል፤ ዐረቦች ዋዲ ናትሩን ይሉታል። እኛ የምናውቀው በሌላ ስሙ ነው፤ ገዳመ አስቄጥስ። አባ መቃርዮስና ልጆቻቸው የተጋደሉበት በረሃ የግብፅ አጣቢዎችና የአስከሬን አዘጋጆች ሶዳ የሚያወጡበት ሸለቆ ነበረ። ይህን ያነበበ የስምጥ ሸለቆ ሰው ወደ ደጁ መመልከት አለበት። አብያታ፣ ሻላና ጭቱ የተባሉት ሐይቆቻችን ሶዳ ያላቸው ሐይቆች ናቸውና።

ከሐይቁ እስከ ሳሙናው

ሳሙና የሚሠራው ከሁለት ነገር ነው፤ ከቅባትና ከጠንካራ አልካሊ። ቅባቱ የከብት ሞራ፣ የዘንባባ ወይም የሌላ ተክል ዘይት ሊሆን ይችላል። አልካሊው ጥንት ከአመድ በሚጣል ውኃ ይገኝ ነበር፤ የአመዱ ለስላሳ ሳሙና ይሰጣል፣ የሶዳው ደግሞ ደረቁን። ሁለቱ ሲዋሐዱ ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣሉ። ምን እንደሚፈጠር በኬሚስትሪ ያስረዳው ፈረንሳዊው ሚሼል ኤዠን ሼቭረል ሲሆን ጥናቱን በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። ከዚያ በፊት በ1791 ሌላው ፈረንሳዊ ኒኮላ ሌብላን ሶዳን ከተራ ጨው የሚያወጣበትን ዘዴ አግኝቶ ነበር፤ ሳሙና ከባለጠጎች ቤት ወደ ድሆች ቤት የመውረዱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በእኛ ዘንድ ሶዳው ከሐይቅ ይወጣል። ከአብያታ ዳር ውኃውን ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች እየሳቡ በፀሐይ በማትነን ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ ተተክሏል፤ በባቱም ኮስቲክ ሶዳ የሚሠራ ፋብሪካ አለ። ኮስቲክ ሶዳ ለሳሙና፣ ለጨርቃ ጨርቅና ለወረቀት ሥራ የግድ አስፈላጊ ነው። እንግዲህ የሳሙናን ቃል ታሪክ ስንከተል ወደ ሮም ሄደን የነበርን ሰዎች የነገሩን ታሪክ ስንከተል ወደ አርሲና ወደ ሸዋ ድንበር ተመልሰን መጣን ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ያለ ዋጋ አልሆነም። አብያታ ውኃ የሚያገኘው በአብዛኛው ከባቱ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ ነው። ወደ ባቱ ሐይቅ የሚገቡት መቂና ከታር ናቸው። በላይኛው ተፋሰስ ለመስኖ ውኃ ሲሳብ፣ በታችኛውም ለሶዳ ሲሳብ ሐይቁ ከዳርቻው እየሸሸ ሄደ፤ ዓሣው ጠፋ፤ በብሔራዊ ፓርኩ የነበሩት ወፎችም ብዛታቸው ቀነሰ። ሐይቁን ያደረቀው ሳሙና ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ምክንያቶቹ ተደራራቢዎች ናቸው፣ የላይኛው መስኖም ድርሻው ትልቅ ነው። ሆኖም በአጥቢያችን ሳሙና ሠርተን እንሽጥ የምንል ኮሚቴዎች ሶዳው የሚወጣበትን ሐይቅ ማወቅ ይገባናል።

በአፋችን ላይ ያለው ሳሙና

በአማርኛ ሳሙና ከዕቃነት አልፏል። ታራሚ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ሳሙና ይዞ ይሄዳል። ርቆ ለሚማር ልጅ ጥቂት ብር በእጁ ሲያስጨብጡት «ለሳሙና ትሁንህ» ይሉታል፤ ገንዘቡ ትንሽ መሆኑን ሰጪው ራሱ ቀድሞ በመናገር የተቀባዩን ክብር ይጠብቅለታል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች በየወሩ የሚታደል ሳሙና ከደመወዝ ቀጥሎ የሚቆጠር መብት ነው፤ ሲቀር ያስቈጣል። የማይጨበጥ ሰው በእርጥብ ሳሙና ይመሰላል። «ሙልጭ» የሚለውም ቃል ከዚሁ ሠፈር ነው፤ ሙልጭ ያለ ሸሽቶ አመለጠ፣ ሙልጭ ያለ ድኻ፣ ሙልጭ አድርጎ ሰደበው። አንድ ቃል ማምለጥን፣ ማጣትንና መሰደብን መያዙ ማሰብ ለሚወድ ሰው ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ዓይነቶቹም ብዙ ናቸው፤ የገላ፣ የልብስ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ፣ የዱቄት። የዱቄቱ ግን በሀገራችን «የዱቄት ሳሙና» ተብሎ እምብዛም አይጠራም። ማንም ያምርተው ማን «ኦሞ» ነው። ይህ የአንድ ምርት ስም የነገሩ ሁሉ ስም ሆኖ መቅረቱ ነው፤ የላስቲክ ጠርሙስን ሁሉ «ሃይላንድ» እንደምንለው ማለት ነው (ከወንዙ ከኦሞ ጋር ያለው መመሳሰል የአጋጣሚ ነው)። የዱቄቱ አብዛኛው በእውነተኛ ትርጉሙ ሳሙና አይደለም፤ በፋብሪካ ከሌላ ጥሬ ዕቃ የተሠራ ማጠቢያ ነው። በኅዳግ ላይ «ሳሙና የለም፤ ኦሞ ግን አለ» ብለው የጻፉት አባት በኬሚስትሪ ዓይን ትክክል ነበሩ።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ደግሞ እንግዳ ቦታዎች ገብቷል። በአሜሪካ በ1930ዎቹ የሳሙና ፋብሪካዎች በራዲዮ የሚተላለፉ ተከታታይ ድራማዎችን ወጪ ይሸፍኑ ስለ ነበር ድራማዎቹ እስከ ዛሬ በሳሙና ስም ይጠራሉ። በኮምፒውተር መረጃ መለዋወጫም፣ በሐኪሞች መዝገብ አጻጻፍም በፊደል ምሕጻር «ሶፕ» የሚባሉ ነገሮች አሉ። በጤና ተቋማት የምታገለግሉ አንባቢያን የሁለተኛውን ታውቁታላችሁ፤ ታማሚው የተናገረው፣ ባለሙያው ያየው፣ የደረሰበት ግምትና ያቀደው በየተራ የሚጻፍበት ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ የመጣ ወረቀት ላይ «ሶፕ» ተጽፎ ብታዩ ሳሙና ገዙ ብላችሁ በሒሳብ መዝገብ አታስገቡት።

እንዶድ ሳሙና ነውን?

እንዶድ ሳሙና አይደለም፤ ሳሙና የሚያደርገውን ግን ያደርጋል። በፍሬው ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር «ሳፖኒን» ይባላል፤ ስሙም ከዚያው ከ«ሳፖ» የተወለደ ነው። የእንዶድ ታላቁ ታሪክ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው። ሌሎች ሲያዩት የኖሩትን እርሳቸው አስተዋሉት። ከዚያ በኋላ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ባደረጉት ረጅም ጥናት እ.ኤ.አ. በ1989 «ተለዋጩ ኖቤል» በሚባለው ሽልማት ተከብረዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የምርምር ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህ ታሪክ ለእኛ አካባቢ ከኩራት በላይ ነው። በወንጂ የሸንኮራ መስኖና በባቱ ሐይቅ ዳርቻ የአንጀት ቢልሃርዝያ የተመዘገበ በሽታ ነው። ይሁን እንጂ እንዶድን በዘፈቀደ ወደ ውኃ መጨመር አይገባም፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ዓሣውንም ይገድላል። በባቱ ሐይቅ ደግሞ በዓሣ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ፤ በቱሉ ጉዶ ደሴት ያለችውን የደብረ ጽዮንን ገዳም አካባቢ ነዋሪዎች ጨምሮ። ፍሬው ቢዋጥ መርዝ ነው፤ ዐይን ውስጥ ቢገባ ያቃጥላል። ነጠላ ለማጠብ እንጂ ልጆች እጃቸውን እንዲታጠቡበት በሰንበት ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

አረፋ የሚያወጣ ውኃ

አሁን ወደ ውኃው እንለፍ፤ በዚህ አካባቢ ለሚሠሩ ኮሚቴዎች ትልቁ ነገር ይህ ነውና። ካልሲየም የበዛበት ውኃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ እንደ ረጋ ወተት ያለ ዝቃጭ ያወጣል፤ አረፋውም እምቢ ይላል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ብዙ የከርሰ ምድር ውኃ ግን ሶዳ የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው፤ ሳሙና ወዲያው ያረፋል። እናቶች «ይህ ጉድጓድ ሳሙና አይፈጅም» ብለው ያመሰግኑታል።

ምስጋናው ለልብስ ማጠቢያ ልክ ነው፤ ለመጠጥ ግን አይደለም። ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ካልሲየም በበዛበት ውኃ ውስጥ ተጣብቆ ይዘቅጣል፤ ካልሲየም ባነሰበት ግን በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ሸለቆ ሳሙናውን በፍጥነት የሚያረፋው ጉድጓድና የልጆችን ጥርስ የሚያበላሸው ጉድጓድ ብዙ ጊዜ አንድ ይሆናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂ አካባቢ ከዚህ እጅግ የበለጠ ፍሎራይድ ያላቸው ጉድጓዶች ተመዝግበዋል፤ ከጥርስ መቡነን አልፎ አጥንታቸው የደረቀና ጀርባቸው የጐበጠ የስኳር ልማት ሠራተኞችም በሕክምና ጥናት ተመዝግበዋል። ልጆች የሚጎዱት ቋሚ ጥርሳቸው ገና በድዳቸው ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ ነው፤ ጥርሱ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ብሩሽ አያጠራውም።

ሦስት ነገሮች በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ይነገሩ ዘንድ እንለምናለን። ፍሎራይድ በጣዕም፣ በሽታና በመልክ አይታወቅም፤ በላቦራቶሪ ብቻ ይለካል። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቍጥር ያጠነክረዋል። በሦስተኛ ደረጃ፣ አዲስ ጉድጓድ ከመመረቁ በፊት የምርመራ ውጤቱ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ውኃው የሳሙና አረፋ ስላወጣ ብቻ ጠበሉን ባርከው እንዲከፍቱ ካህኑን አትጋብዙ። ከደረጃ በላይ የሆነ ጉድጓድ ለማጠቢያ ተለይቶ፣ የመጠጡ ከሌላ ምንጭ፣ ከተጣራ የወንዝ ውኃ ወይም ከጣሪያ ላይ ከሚሰበሰብ የዝናም ውኃ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። በአጥንት ከሰል የማጣራት ዘዴም በስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል፤ ክትትል ካልተደረገለት ግን ከሰሉ ከጠገበ በኋላ ምንም አይዝም።

እግር፣ ጠበልና ሳሙና

በስምጥ ሸለቆው ዳር ዳር ባሉ ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋዎች ባዶ እግራቸውን በሚሄዱ ገበሬዎች ላይ የሚወጣ የእግር እብጠት አለ፤ «ዝሆኔ» ይባላል። ከእሳተ ገሞራ አፈር የሚመጣ እንጂ በመርገም ወይም በዘር የሚተላለፍ ቅጣት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይሻገርም። ሕክምናው ለብዙዎች ዕለታዊና ርካሽ ነው፦ እግርን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ብዙዎቹ ታማሚዎች ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ወደ ጠበል ይመጣሉ፤ በሕዝብ ፊት ደግሞ እግራቸውን ይሸፍናሉ።

በዚህ ላይ በጠበል ቦታ ሳሙና አይገባም የሚለው ልማድ አለ። ልማዱ ጠበሉን ለማክበር ነውና መከበር አለበት፤ የሳሙና ውኃ ወደ ጠበሉ ምንጭ ሊገባ አይገባም። ነገር ግን ልማዱ «ጠበል የሚጠመቅ ሰው በሳሙና አይታጠብም» ወደሚል ሲተረጐም ታማሚውን ይጎዳል። ቀድሞ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ አስተምራለች፤ ለእግር ማጠቢያውም ያው አስተሳሰብ ይሠራል። የሚያስፈልገው ከምንጩ በታች ራቅ ብሎ፣ ፍሳሹ ወደ ጠበሉ በማይመለስበት ቦታ፣ መቀመጫ ያለው የእግር መታጠቢያ መሥራት ነው። በጸሎተ ሐሙስ የምእመናንን እግር ዝቅ ብሎ የሚያጥብ ካህን የአንዱን ዝሆኔ ታማሚ እግር በዚያ መታጠቢያ ቢያጥብ፣ እኛ በዐሥር ሥልጠና የማናደርሰውን ትምህርት ያደርሳል ብለን እናምናለን።

ሳሙና ለሚሠሩ ማኅበራት

በአንዳንድ አጥቢያዎች የሴቶች ማኅበራት ሳሙና እየሠሩ ለገቢ ማስገኛ ይሸጣሉ። መልካም ሥራ ነው፤ አደጋው ግን ከኮስቲክ ሶዳው ነው። ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ሶዳው አይጨመርም፤ ሲገለበጥ ይፈላና ይፈነጥቃል። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፤ ሶዳው ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል። ጓንትና የዐይን መከለያ ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው በ«ሃይላንድ» ጠርሙስ የተቀመጠ የሶዳ ውኃ ነው፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል፣ ጉሮሮው ይቃጠላል። በሃይላንድ ውስጥ ውኃ ብቻ ይቀመጥ።

ቅጹ ላይ የሚጻፈው

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚያካሂዱት የውኃና የንጽሕና ክትትል «ሳሙና» የሚለውን በሰፊው ይተረጕመዋል፤ ደረቁ፣ ፈሳሹ፣ የዱቄቱ ማጠቢያና በውኃ የተበጠበጠው ሁሉ ሳሙና ተብሎ ይቆጠራል። አመድ፣ አፈርና አሸዋ ግን አይቆጠሩም፤ ከሳሙና ያነሰ ይሠራሉና መታጠቢያው «ውስን» በሚለው ደረጃ ይመደባል። እንግዲህ በጣሳ አመድ ያስቀመጠው ኮሚቴ «የለም» ይበል። ኦሞ የበጠበጠው «አለ» ይበል። እንዶድ የያዘው «የለም» ማለቱ ልክ ነው፤ በማብራሪያው ቦታ «እንዶድ ለልብስ እንጠቀማለን» ብሎ ይጨምርበት።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየቤተ ክርስቲያኑ በር የተሰቀሉት የእጅ መታጠቢያ በርሜሎች ዛሬ በአብዛኛው ቦኖአቸው ተሰብሮ፣ ሳሙናቸው አልቆ ይታያሉ። ሳሙና ተላላፊውን ቫይረስ የሚያጠፋው የለበሰውን የቅባት ሽፋን ስለሚበጣጥሰው ነው፤ ለዚህም ቢያንስ 20 ሰከንድ መታሸት ያስፈልገዋል። ቅጹን ለመሙላት የሚመጣው ባለሙያ የሚያየው የዚያን ዕለት ያለውን ብቻ ነው። ኮሚቴው ግን በበርሜሉ አጠገብ ትንሽ ደብተር አንጠልጥሎ፣ ሳሙናው የተገዛበትንና ያለቀበትን ቀን የሚጽፍ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ቢመድብ፣ «አለ» የሚለው ቃል ስንት ቀን እንደቆየ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ማየት እንችላለን።